ቢራ ሁሉ አንድ ዓይነት ለሆነባቸው ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ቢራ መጠጣት ከጀመርኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሙኒክ የሚኖረው ወንድሜ ለዕረፍት ወደ አዳማ ሲመጣ የባቫሪያ የስንዴ ቢራ ይዞልኝ መጣ። ፍሪዘር ውስጥ አስገብተን በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ስንጠጣው እሱ ‹ሙዝና ቅርንፉድ ይሸታል› አለ፤ እኔ ከቅዝቃዜውና ከጋዙ በቀር የተሰማኝ ነገር የለም። እዚህ የሚጠመቁትም ቢራዎች ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው። ምላሴ ችግር አለበት? ወይስ ሙዝ ይጨምሩበታል? ጥሩ ቢራ ማለት ጠቆርና ጠንከር ያለው ነው ስለሚባል ከእሱ ልጀምር? ጣዕም መለየት የሚፈልግ ሰው ከየት ይነሣል?»

ምላሽ፦ ምላስዎ ደህና ነው። ምላስ የሚለየው ጣፋጭን፣ ጎምዛዛን፣ ጨዋማን፣ መራራንና የሥጋ መረቅ ዓይነቱን ጥፍጥና ብቻ ነው፤ ሙዝና ቅርንፉድ በምላስ የሚታወቁ ነገሮች አይደሉም። መራራ የሚሰማው በምላስ ሥር፣ ጣፋጭ የሚሰማው በጫፉ ነው የሚለው፣ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ሳይቀር የኖረው ሥዕል ስሕተት ስለሆነ እሱንም ይርሱት። «ጣዕም» ብለን የምንጠራው ነገር አብዛኛው ሽታ ነው፤ ይኸውም በአፍንጫ ቀዳዳ በኩል የሚገባው ብቻ ሳይሆን፣ ከዋጥን በኋላ በጉሮሮ በኩል ወደ ላይ ወጥቶ አፍንጫን ከውስጥ የሚያገኘው ሽታ ጭምር ነው። ይህን በቤትዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። አፍንጫዎን በጣትዎ አጥብቀው ይዘው ሁለት ሦስት የኮረሪማ ፍሬ ያኝኩ። ጥቂት መፋጀትና ትንሽ ምሬት ይሰማዎታል እንጂ ኮረሪማ መሆኑን ሊለዩ አይችሉም። አሁን ጣትዎን ይልቀቁ፤ ኮረሪማው በአንድ ጊዜ ይመጣል። ቢራ መቅመስ የሚባለው ሙያ በሙሉ የተመሠረተው በዚህች ቅጽበት ላይ ነው።

ሙዝም አልተጨመረበትም። በ1516 እ.ኤ.አ. የወጣው የባቫሪያ የጠመቃ ደንብ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስ (ምሬትና መዓዛ ከሚሰጠው አበባ) እና ከውሃ ብቻ እንዲሠራ ያዘዘ ሲሆን፣ የስንዴ ቢራ በኋላ ዘመን የራሱን ፈቃድ አግኝቶ ቢቀጥልም ፍራፍሬ የሚጨመርበት መጠጥ ግን አይደለም። የሙዙ ሽታ የእርሾው ሥራ ነው። ለዚህ ቢራ የሚውለው የእርሾ ዘር ስኳሩን ወደ አልኮል ሲለውጥ፣ የበሰለ ሙዝ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘውን ያንኑ መዓዛማ ውሑድ ይሠራል፤ የቅርንፉዱም ሽታ ይኸው እርሾ ከብቅሉ የሚወጣን አንድ አሲድ ሲለውጥ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ ወንድምዎ ያወቀው በጠርሙሱ ውስጥ በእርግጥ የነበረ ነገር ነው። እርስዎ ያላገኙት አንደኛ ፍሪዘር ስላስገባችሁት ነው። መዓዛ ወደ አፍንጫ የሚደርሰው ከፈሳሹ ተንኖ ሲወጣ ብቻ ሲሆን፣ ወደ በረዶነት የተጠጋ ቢራ መዓዛውን ይዞ ይቀመጣል፤ ምላስም ራሱ ከቅዝቃዜው የተነሣ ይደነዝዛል። ወንድምዎ ያንኑ ቢራ ብዙ ጊዜ በተገቢው ሙቀት ስለጠጣ፣ የሚፈልገውን ስለሚያውቅ፣ ከትንሿ ምልክት ተነሥቶ ደረሰበት። እርስዎ ግን የሚፈልጉትን አያውቁም ነበር። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

«የአገር ውስጡ ሁሉ አንድ ነው» ያሉት ግማሹ እውነት ስለሆነ ልከራከርዎ አልፈልግም። በአገራችን በጠርሙስም ሆነ በድራፍት የሚሸጠው አብዛኛው ቢራ የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ፈዛዛ ላገር ይባላል። የዚህ ቤተሰብ አባት ዮሴፍ ግሮል የተባለው ባቫሪያዊ ጠማቂ በ1842 እ.ኤ.አ. በቦሄሚያዋ ፒልዘን ከተማ የጠመቀው ወርቅማ ቢራ ነው። ከዚያ በፊት የአውሮፓ ቢራ በአብዛኛው ጠቆር ያለና የደፈረሰ ነበር፤ የፒልዘን ለስላሳ ውሃ፣ በቀስታ የደረቀ ፈዛዛ ብቅልና በቅዝቃዜ የሚሠራ እርሾ ሲገናኙ ዛሬ ዓለምን የሞላው መጠጥ ተወለደ። የላገር እርሾ ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ሥራውን በዝግታ ስለሚሠራ፣ እንደ ስንዴ ቢራው እርሾ የፍራፍሬ ሽታ አያበዛም። በሁለት ላገሮች መካከል ያለው ልዩነት ስለዚህ ጠባብ ነው፦ አንዱ የዳቦ ቅርፊት ያስታውሳል፣ ሌላው የጥሬ እህል፤ የአንዱ ምሬት ወዲያው ይጠፋል፣ የሌላው ከዋጡት በኋላም ይቆያል። ጠባብ ቢሆንም አለ፤ ጎን ለጎን ካላስቀመጡት ግን አያገኙትም። ዛሬ አንዱን፣ ከሳምንት በኋላ ሌላውን ጠጥቶ ማወዳደር ለሠለጠነ ቀማሽም የሚሆን ነገር አይደለም።

ጠቆር ያለው ጠንካራ ነው፣ ጠንካራው ደግሞ ጥሩ ነው የሚለው ግን ሙሉ በሙሉ ስሕተት ነው። ቀለም የሚመጣው ብቅሉ ምን ያህል እንደተቆላ ነው፤ ከአልኮሉ ጋር ዝምድና የለውም። ጥቁሩ የጊነስ ድራፍት አልኮሉ 4.2 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የቤልጅግ መነኮሳት የሚጠምቁት ወርቅማው ዌስትማለ ትሪፕል 9.5 በመቶ ነው። በቀለም ፈርዶ የሚጠጣ ሰው በመጀመሪያው ያለ ምክንያት ይፈራል፣ በሁለተኛው ሳያስበው ይሰክራል። ጥሩ ቢራ ማለት ጠማቂው ሊሠራ ያሰበውን ነገር ያለ እንከን የሠራበት ቢራ ነው። ቀላል ላገር ያለ እንከን መሥራት ደግሞ በእኔ እምነት ከጥቁር ቢራ ይከብዳል፤ ጥቁሩ ብቅል የሚሸፍነውን ጥፋት ፈዛዛው ገልጦ ያሳያል።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ ካወቁት ይጀምሩ። ቢራን ለመግለጽ የሚጠቅመው ቋንቋ ከውጭ የሚመጣ የሚመስላቸው ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ምክንያቱም ጠላ ቤት ደጃፍ ያደገ ሰው ከብዙ አውሮፓዊ የተሻለ መነሻ አለው። ብቅል ምን እንደሆነ ያውቃሉ፦ ገብሱ ይነከራል፣ ጎንቆል ያወጣል፣ ይደርቃል። ያላየ ሰው ገበያ ወርዶ አንድ እፍኝ ብቅል ገዝቶ ያኝክ፤ መጀመሪያ እንደ ጥሬ እህል፣ ቆይቶ እንደ ስኳር የሚጣፍጠው ያ ነገር የማንኛውም ቢራ አካል ነው። ከዚያ የገብስ ቆሎ ያኝክ፣ ከዚያ ለጠላ የታመሰ አሻሮ፣ በመጨረሻም ጠቆር ብሎ የተቆላ ቡና አንድ ፍሬ። ከፈዛዛ ላገር ተነሥቶ በቀላ ያለው ቢራ በኩል እስከ ጥቁሩ ስታውት የሚዘልቀው መንገድ ይኸው ነው፤ እህሉ እሳት ባየ ቁጥር ከዳቦ ወደ ቆሎ፣ ከቆሎ ወደ ካራሜል፣ ከካራሜል ወደ ቡና ይሄዳል።

ምሬቱንም እንዲሁ ያውቁታል፤ አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ሆፕስን የፈረንጅ ጌሾ ማለት የተለመደ ነው፤ በሥራቸው ይመሳሰላሉ፣ በዘራቸው ግን አይገናኙም። ጌሾ ቅጠሉና እንጨቱ የሚወቀጥ ቁጥቋጦ ነው፤ ሆፕስ ደግሞ አበባው የሚለቀም ሐረግ ነው። የጌሾ ምሬት ደረቅና የሥር ሽታ ያለው ሲሆን፣ የሆፕስ ምሬት እንደየዘሩ ሣር፣ አበባ፣ የብርቱካን ልጣጭ ወይም የጥድ ሙጫ የሚመስል መዓዛ ይዞ ይመጣል። መዓዛውን ከምሬቱ ለይቶ ማየት አንዱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ብዙ ሰው «መረረኝ» ብሎ የሚገፋው ቢራ፣ ቀስ ብሎ ቢያሸተው፣ የሎሚ ልጣጭ እንደሚሸት ይደርስበት ነበር። ምሬት በመለኪያ ይቆጠራል፤ ለዘብ ያሉት ላገሮች 10 እና ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ሲሆኑ፣ የፒልዘኑ ፒልስነር ኡርክዌል ወደ 40 ይጠጋል። ሁለቱን ጎን ለጎን የቀመሰ ሰው «ላገር ሁሉ አንድ ነው» የሚለውን ሐሳብ ይተወዋል።

ጋኑ በወይራ የታጠነ ጠላ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ በጀርመኗ ባምበርግ ከተማ የሚጠመቀው የጢስ ቢራ እንግዳ አይሆንበትም። እዚያ ብቅሉ በእንጨት ጢስ ላይ ስለሚደርቅ ቢራው ጢሱን ይዞት ይቀራል። ይህን ቢራ መጀመሪያ የሚቀምሱ አውሮፓውያን ብዙ ጊዜ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ አብሮኝ የቀመሰ አንድ የጎጃም ሰው ግን ብርጭቆውን አሸቶ ዝም አለ፣ ደግሞ አሸተተ፣ ከዚያ «የእናቴ እንስራ ነው» አለ። በብራስልስ አካባቢ እርሾ ሳይጨመርበት በአየርና በበርሜል ውስጥ ባሉ ተሕዋስያን የሚብላላው ላምቢክም ጉምዝናው ለጠላ ጠጪ ቅርብ ነው። ወንድምዎ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ነገር ያምጣልኝ ካሉ፣ የባምበርጉን ያስመጡ።

አሁን ስለ አያያዝ። ከጠርሙስ አፍ መጠጣት ያቁሙ፤ የጠርሙስ አፍ ለአፍንጫ ምንም ቦታ አይሰጥም። አፉ ጠበብ ያለ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ብርጭቆ ይሻላል፤ ከሌለ ተራው የውሃ ብርጭቆ ይበቃል፣ ንጹሕ ከሆነ። ቅባት ወይም ሳሙና የቀረበት ብርጭቆ ራሱን ያጋልጣል፦ ቢራው ሲቀዳ አረፋዎቹ ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ በጎኑ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ፣ የላዩም አረፋ በቶሎ ይሞታል። አረፋን በተመለከተ፣ ጃምቦ ሲቀርብልን «ግማሹ አረፋ ነው» ብለን የምንቆጣው ልማድ ቀማሽን ይጎዳዋል። ከቢራው በላይ ሁለት ጣት ያህል የሚቆም አረፋ መዓዛውን ወደ አፍንጫ የሚያደርስ ክፍል ነው እንጂ ከሒሳብዎ የተሰረቀ አይደለም። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ቅሬታዎ ልክ ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ የቀጂው ክፋት ሳይሆን የሞቀ በርሜል ወይም ያልታጠበ ቱቦ ነው፣ በደጋ ከተሞች ደግሞ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ መሆን ጋዙ ከቢራው በቶሎ እንዲሸሽ ያደርገዋል። የሙቀቱ ነገር እንደዚህ ነው፦ ፈዛዛ ላገር ከ5 እስከ 7 ዲግሪ፣ የስንዴ ቢራ 8 ገደማ፣ ጠንካራዎቹ የቤልጅግ ቢራዎች ከ10 በላይ። ቴርሞሜትር መግዛት አይጠበቅብዎትም፤ ከማቀዝቀዣ አውጥተው በአዳማ ሙቀት አሥራ አምስት ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ይተዉት።

ሲቀምሱ አስቀድመው ያሽትቱ፤ በረጅሙ ሳይሆን እንደ ቡና ቀማሽ አጠር አጠር አድርገው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትንፋሾች ከሁሉም ይበልጣሉ፤ ከዚያ በኋላ አፍንጫ ይለምዳል፣ የለመደውንም መናገር ያቆማል። ከዚያ አንድ ጉንጭ ይውሰዱ፣ አፍዎ ውስጥ ያዙሩት፣ ይዋጡ፣ ወዲያውም አፍዎን ዘግተው በአፍንጫዎ ይተንፍሱ። ቡና ቀማሽ ይተፋል፤ ቢራ ቀማሽ ጥቂት መዋጥ የሚኖርበት ያ ከውስጥ የሚመጣ ሽታና የምሬቱ መጨረሻ ሲዋጥ ይበልጥ ስለሚገለጥ ነው። በመጨረሻም የመጣልዎትን ቃል ይጻፉ። «ጥሩ ነው» ወይም «አልወደድኩትም» አይቆጠርም። «የእንጀራ ምጣድ ሲሟሽ»፣ «እርጥብ ሣር»፣ «አምባሻ» ይቆጠራል። የቢራ ጣዕም ተመራማሪው ሞርተን ማይልጋርድ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው የቢራ ጣዕም ክብ ገበታ የዓለም ጠማቂዎች በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገሩ ያስቻለ ትልቅ ሥራ ነው፤ ጀማሪ ግን ገበታውን ይዞ ቃል ከመልቀም ይልቅ ከራሱ ጓዳ ቃል ቢያወጣ ቶሎ ይማራል።

እንከንን መለየት ደስታን ከመለየት ይቀላል፣ በገንዘብም ይጠቅማል። የአንድ ቢራ ጠርሙስ ከፍተው በሁለት ብርጭቆ ይቅዱ፤ ሁለቱንም በስኒ ማስቀመጫ ይክደኑ፤ አንዱን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሌላውን ፀሐይ ላይ ለሩብ ሰዓት ያስቀምጡ። ከዚያ ያሽትቷቸው። ፀሐይ የመታው፣ ሸለምጥማጥ ያለፈበት ጓሮ የሚመስል ሽታ ይሰጥዎታል፤ ብርሃን የሆፕሱን መራራ ክፍል ሰባብሮ ከድኝ ጋር ስለሚያጣብቀው ነው። ቡናማ ጠርሙስ ከዚህ በደንብ ይከላከላል፣ አረንጓዴውና ነጩ ግን አይከላከሉም። ግሮሰሪ በር ላይ ሳጥኑ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ሲያዩ አልፈው ይሂዱ። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ቢራ አርጅቷል ወይም ሙቀት ላይ ከርሟል። ለጋ ቅቤ የሚሸት ከሆነ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ተገፍቷል፣ ወይም የድራፍት ቱቦው ቆሽሿል፤ የተቀቀለ በቆሎ የሚሸት ከሆነ ጥፋቱ ከአፈላሉ ነው። የኮመጠጠ ድራፍት ደግሞ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከዓመታት በፊት አንድ ስመ ጥር ቤት የቀረበልኝ ድራፍት ቅቤና ኮምጣጤ በአንድ ላይ ይሸት ነበር፤ ቱቦው መቼ እንደታጠበ ስጠይቅ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ቱቦ በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ አለበት። ጠማቂው ለሳምንታት የደከመበትን ነገር በመጨረሻዋ ሜትር ላይ ማበላሸት ያናድደኛል።

ወሰኑንም ልንገርዎ። አንዳንድ ሰው ለአንዳንድ ሽታ በተፈጥሮው ደንታ የለውም፤ ለቅቤው ሽታ የማይነቁ ጥሩ ጠማቂዎች አሉ፣ ያን ጊዜ ሌላ ሰው ያስቀምሳሉ። ጉንፋን፣ ሲጋራና በርበሬ የበዛበት ወጥ ለጊዜው ያደነዝዛሉ፤ ከወጥ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ። ከአምስት ስድስት ቅምሻ በኋላ የሚጻፈው ነገር ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም የሚጽፈው አልኮሉ ነው። መድኃኒት ከወሰዱ፣ መኪና የሚነዱ ከሆነ ወይም ሐኪም ከከለከለዎት ይህ ልምምድ ይቅር፤ አፍንጫውን በቡናና በቅመም ማሠልጠን ይቻላል።

የምመክርዎ ይህ ነው፤ ሌላ ነገር ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይፈጽሙ። ከውጭ በውድ ዋጋ የመጣ ቢራ ለመጀመሪያ አይግዙ፤ ብዙው በባሕርና በመኪና ለወራት ተጉዞ፣ በሙቀት ከርሞ ስለሚደርስ የሚማሩት የአገሩን ጣዕም ሳይሆን የእርጅናን ጣዕም ይሆናል። በምትኩ የምርት ቀናቸው ቅርብ የሆኑ ሁለት የተለያዩ የአገር ውስጥ ላገሮች ይግዙ። ሰው ከአጠገብዎ ሆኖ፣ እርስዎ ሳያዩ፣ ሦስት ብርጭቆ ላይ 40 ሚሊ ሊትር ያህል ይቅዳልዎት፦ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ፤ ምልክቱን ከብርጭቆው ሥር ያድርግ። የእርስዎ ሥራ የተለየውን ማውጣት ብቻ ነው። ይህ ዘዴ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገኑ ካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ የተጀመረ ሲሆን ዛሬም ፋብሪካዎች የሚሠሩበት ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ረፋድ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ሁለት ዙር ብቻ ያድርጉ፤ ሁለቱ ዙር በድምሩ ከአንድ ጠርሙስ ያነሰ ነው፣ የተረፈውን የቀዳልዎት ሰው ይጠጣው። በሦስት ሳምንት ስድስት ዙር ይሆናል። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው ከስድስቱ ሁለቱን ያገኛል፤ አምስት ካገኙ በእርግጥ እየለዩ ነው፣ በዕድል ይህን የማግኘት ዕድሉ ከመቶ ሁለት አይሞላም። ካላገኙ አይዘኑ፤ ሙቀቱን ሁለት ዲግሪ ከፍ አድርገው ሌላ ሦስት ሳምንት ይድገሙት። ከዚህ በኋላ ብቻ ወደ ቀላ ያለው፣ ወደ ስንዴውና ወደ ጥቁሩ ይሻገሩ፣ በአንድ ጊዜ አንድ እርምጃ።

ወንድምዎ ዳግመኛ የስንዴ ቢራ ካመጣ፣ ጠርሙሱ ከሻንጣ ከወጣ በኋላ ሁለት ቀን ቀጥ ብሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይረፍ፤ ፍሪዘር ግን አይግባ። ቀድሞ ወጥቶ ሩብ ሰዓት ይቆይ። ረጅም ብርጭቆ አዘንብለው ቀስ ብለው ይቅዱ፤ የመጨረሻው ሁለት ጣት ሲቀር ያቁሙና ጠርሙሱን አሽከርክረው ከሥር የተኛውን እርሾ ይቀስቅሱ፣ ከዚያም ሁሉንም ጨምረው ያፍስሱ። ቢራው ይደፈርሳል፣ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። ከመጠጣትዎ በፊት የበሰለ ሙዝ ልጠው ጎኑ ያስቀምጡና ተራ በተራ ያሽትቷቸው፤ መጀመሪያ ሙዙን፣ ከዚያ ብርጭቆውን።